ታምሮን 28-75 እና ሶኒ 85፦ ከደሴ ሰርግ እስከ ባቲ ገበያ

ደሴ ውስጥ ሰርግና ምረቃ ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ በሁለት ሌንስ ብቻ ሠርቼ ከረምኩ። አንዱ ታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ዙም ነው፣ ጂ2 የሚባለው ሁለተኛው ስሪት ሳይሆን የመጀመሪያው። ሌላው ሶኒ 85 ኤፍ 1.8፣ ዙም የማያደርግ። (28፣ 75፣ 85 የሚሉት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ኤፍ ደግሞ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ይለካል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል።)

ሌንስ ስትገዙ ሰው ሁሉ "ኤፍ ስንት ነው?" ይላችኋል። እኔ አስቀድሜ የማስበው የምቆምበትን ቦታ ነው።

የደሴን ቤት የምታውቁ ይገባችኋል። ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ውስጥ አልጋ አለ፣ ቁም ሳጥን አለ፣ ሚዜዎች አሉ፣ አክስቶች አሉ። እኔ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። እዚያ 85ን ማውጣት አይታሰብም። 28-75ቱም አንዳንዴ ይጠብባል። ከ24 የሚጀምሩ ዙሞችም አሉ፣ 24 እና 28 ሲባል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን 24 የሚያየው 84 ዲግሪ ነው፣ 28 ደግሞ 75። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሄ አንዲት አክስት ከፎቶው ያስወጣል። አክስቷ ደግሞ "እኔስ የታለሁ?" ማለቷ አይቀርም።

ታምሮኑን ያስወደደኝ መጠጋቱ ነው። 28 ላይ እስከ 19 ሳንቲሜትር፣ 75 ላይ እስከ 39 ሳንቲሜትር ተጠግቶ ፎከስ ይይዛል። 85ቱ ከ80 ሳንቲሜትር ወዲህ እምቢ ይላል። ስለዚህ የሙሽራዋ ሂና፣ ቀለበቱ፣ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ሁሌም የታምሮን ሥራ ናቸው። ክብደቱ 550 ግራም ነው፣ አንገት ላይ ሲውል አይጎዳም። ከአውቶፎከስ ወደ ማኑዋል መቀየሪያ ጎኑ ላይ አለመኖሩ ግን ያናድደኛል። 85ቱ አለው።

85ቱ 371 ግራም ብቻ ነው። ለፊት ፎቶ የሚስተካከለው የለኝም። ዳሱ ውስጥ ሲመሽ 1.8 ከ2.8 ይልቅ 2.4 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 6400 የሚፈልገው ፎቶ በ2500 ገደማ ይነሳል ማለት ነው። ይሄ ቀላል አይደለም። ግን ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን ሲቀመጡ በ1.8 ካነሳሁ አንዱ ጥርት ብሎ አንዱ ይደበዝዛል። ያው ወደ 2.8 ወይም 4 መዝጋቴ ነው። ታዲያ ትርፉ የት አለ? አንድ ሰው ብቻ ሳነሳ። (ሰማያዊ ሸራ ዳስ ውስጥ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ እሱን የትኛውም ሌንስ አያድነውም።)

ላሊበላ ላይ ሁለቱም የማይበቁበት ቦታ አለ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከጠርዙ ሆኖ ለማንሳት 28 ይበቃል፣ ጣራው ላይ ያለው መስቀል ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወረድ ግን ሕንፃው 12 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ደግሞ የለም። ሐይቅ ላይ ወፍ ማንሳት የሚፈልግም ከ85 ምንም አይጠብቅ።

ባቲ ሰኞ ገበያ ስወርድ ሌንስ የምመርጠው ከመድረሴ በፊት ነው። አቧራው ውስጥ ሌንስ አልቀይርም። ክረምት ላይ ከደሴ ብርድ ወደ ቆላው ስትወርዱም ቦርሳውን ቶሎ አትክፈቱ፣ ቀዝቃዛው መስታወት ጉም ይለብሳል። ትንሽ ይሙቅ። ግመል ገበያው ላይ 85ቱን እመርጣለሁ፣ ሰውን አስፈቅጄ።

ሁለቱም 67 ሚሊሜትር ፊልተር ነው የሚወስዱት፣ አንዱ ለሁለቱም ያገለግላል። ከ28 በላይ ሰፋ አድርጎ የሚያየው ታምሮን 17-28ም ያው 67 ነው። ቀጣዩ ግዢዬ እሱ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ ግን 28-75ቱን ውሰዱ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ ተዉት። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ መሃል ላይ የሚንቀረፈፍ መሆን የለበትም። ከዚያ በገዛ ካሜራችሁ አራቱንም ጥግ አንስታችሁ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ።