ጅማ ላይ «ሬሲንግ ቫልቭ ከቨር» እየተባለ የሚሸጠውን እንዳትገዙ!!

ሰላም ናችሁ የጅማ የመኪና ወዳጆች፣ በተለይ አሮጌ ኮሮላ ላይ ሞተር ቀይራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ የምትነዱ ልጆች ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራምም በሰው በሰውም እየዞረ የሚሸጥ ቫልቭ ከቨር አለ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ማለቴ ነው፣ ቀይ ወይ ሰማያዊ የተቀባ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም፣ «15 ፈረስ ጉልበት ይጨምራል፣ ሞተር ያቀዘቅዛል» ተብሎ 28 ሺህ ብር ይጠራበታል፣ የራሳችሁን ኦሪጅናል ከቨር ከሰጣችሁት ደግሞ 20 ሺህ ያደርግላችኋል። አትግዙ። ኦሪጅናሉንማ በፍጹም እንዳትሰጡ።

እኔ እዚሁ ጅማ ጋራዥ ነው የምሠራው። አንድ የሰፈር ልጅ ኮሮላው ላይ ያገለገለ ባለ 20 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ የሚባል የቶዮታ ሞተር አስገጥሞ ነበር፣ ያው ሲልቨር ቶፕ የምንለውን፣ ሞተሩ ጤነኛ ነበር፣ ኦሪጅናሉን ሰጥቶ ከቨሩን ካስቀየረ በኋላ አዲስ አበባ ሊሄድ ወጥቶ የግቤን በረሃ ጨርሶ ዳገቱን ሲይዝ የተቃጠለ ዘይት ሸተተው፣ ወዲያው ከኮፋኖው ስር ጭስ። ደግነቱ ቶሎ ቆመ። የሞተር ዘይት እኮ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል የሚቀጣጠል ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፣ የጭስ ማኒፎልድ፣ ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት ማለቴ ነው፣ ደግሞ ዳገት ላይ ሲጨነቅ ከ400 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፣ እዛ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ መንዳት ማለት መኪናችሁን እሳት ላይ አስቀምጦ መሄድ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ሰው አለ።

መንገድ ላይ ያየው መካኒክ ከኋላ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲያይ «ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለው። እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ መጥፎ ዕቃ የተነሳ ልጁ ጤነኛ ሞተር ሊያስፈታ ነበር። እኛ ጋ ሲመጣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለካን፣ አራቱም ተቀራራቢና ጥሩ ነው። ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቱቦ ስነቅለው ውስጡ ዘይት ቋጥሯል። ካንዴላዎቹ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ሁለቱ ዘይት ሞልተዋል፣ ለዛ ነው ሞተሩ አንዳንዴ በሦስት የሚሠራው።

ከቨሩን አውርደን ገለበጥነው፣ ባዶ! ኦሪጅናል ከቨር ውስጡን ካያችሁት የትንፋሽ ቀዳዳው ስር በቡሎን ወይ በሪቬት የታሰረች ቆርቆሮ አለች፣ ያቺ ቆርቆሮ ከፒስቶን አልፎ ወደ ታች የሚገባው ጋዝ በቱቦው ወደ አየር ማስገቢያ ሲመለስ አብሮት የሚረጨውን ዘይት አስቀርታ ወደ ቴስታታው (ከከቨሩ ስር ወዳለው የሞተር ራስ) የምትመልሰው እሷ ናት። ይሄኛው ላይ ምንም የለም፣ ቀዳዳው ዝም ብሎ ካምሻፍቱ ላይ ተከፍቷል፣ ስለዚህ ሞተሩ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ዘይቱን በቱቦው እየሳበ ያቃጥለዋል። ሰማያዊው ጭስ ከየት እንደመጣ ገባችሁ አይደል። ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ሲገባ ደግሞ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩን የማንኳኳቱን ፀባይ ያባብሳል፣ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ፒስቶን ይበላል።

ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይፈስ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚቀመጥበትን ፊት ደግሞ ቀጥ ያለ ብረት አስጠግቼ በባትሪ ከኋላ አበራሁበት፣ መሃል ላይ ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ አለፈ፣ ከቨሩ ጠማማ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ሲቀልጥ የቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ቀለሙ ደፍኗቸው እንጂ ጥፍር ያስገባሉ። የገጠመው ሰው መፍሰሱን ለማቆም ብሎ ሲሊኮን ዙሪያውን ለድፎበታል፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ የተንጠለጠለ አለ። እሱ ተቆርጦ ካርተር (ታች ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ቢወድቅ የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ወንፊት ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ስለ ከቨር ማውራት ቀረ፣ ብሮንዚናና ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግና ማቀፊያው) ነው የምታወሩት። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ማኑዋሉ በሚላችሁ ቦታ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ብረቶች የሚገናኙበት ጥግና መታጠፊያ ላይ ትንሽ ጠብታ፣ በቃ።

ፈረስ ጉልበት ስለሚባለው። ወንድሞቼ ቫልቭ ከቨር ክዳን ነው፣ ዘይት እንዳይወጣ አቧራ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ጋዙን ያስተነፍሳል፣ አለቀ። ቶዮታ ሲልቨር ቶፑን በፈረንጆች 1991 ሲያወጣው 160 ፈረስ ነበር፣ በ1995 ብላክ ቶፕ ሲመጣ 165 ሆነ፣ ለዛች ለ5 ፈረስ የኮምፕሬሽን ሬሾውን (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ከ10.5 ወደ 11 አሳድገው የአየር ማስገቢያውን ጉሮሮ አስፍተው የአየር መለኪያውን ሙሉ በሙሉ ቀይረው ነው። ፋብሪካው ይሄን ሁሉ ለፍቶ 5 ካገኘ ክዳን ብቻ ቀይሮ 15 እንዴት ይመጣል? ጅማ ደግሞ ከባህር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ስድስት አንድ ያህሉን በአየር መሳሳት ያጣል፣ እሱን የሚመልስ ቀለም የለም።

በነገራችን ላይ ሲልቨርና ብላክ የሚባሉት በከቨሩ ቀለም ስለሆነ ሲልቨሩን ጥቁር ቀብቶ ብላክ ቶፕ ነው ብሎ ሞተር የሚሸጥም አለ። ቀለሙን ተዉት፣ አየር ማስገቢያው ላይ የአየር መለኪያ ሳጥን ካለው ሲልቨር ነው፣ ብላኩ በማፕ ሴንሰር (በአየር ግፊት መለኪያ) ነው የሚሠራው።

ከቨር መቀየር ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የተሰነጠቀ ካለ ይቀየራል፣ ቢኤምደብሊው ላይ ያሉት የፕላስቲክ ከቨሮች በሙቀት ሲሰነጠቁ የታወቀ ነው፣ ቱርቦ ያለውና በጣም የሚገፋ ሞተር ላይም ሰፋ ያለ መተንፈሻ ያለው ከቨር ከዘይት መያዣ ቆርቆሮ ጋር ማስገጠም ምክንያት አለው። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት፣ ቆርቆሮዋ መኖሯን እዩ፣ ፊቱን በቀጥ ያለ ነገር ለኩት፣ ሻጩ «ፕላስቲኩን አትቅደደው» ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ የካንዴላ ጉድጓድ ጎማ ይግባለት፣ ቡሎኑ ባለ 10 ቁልፍ ትንሽዬ ስለሆነ በጉልበት አይጠበቅም፣ አብዛኛው ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው፣ የራሳችሁን ሞተር ማኑዋል አይታችሁ በቶርክ ሬንች ከመሃል ወደ ዳር እየዞራችሁ አጥብቁ፣ አለበለዚያ ጥርሱ ቴስታታው ላይ ይበላል።

ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር። «ወንድሜ ዕቃው ችግር የለበትም የገጠመው ነው ያበላሸው» አለኝ፣ ቆርቆሮው የት አለ ስለው ስልኩን ዘጋው፣ ከዛ ልጁንም እኔንም ብሎክ። ደረሰኝ አልሰጠም። እናንተ ግን ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አታስተላልፉ፣ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይ ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፣ ወደ ንግድ ቢሮ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የምትጠየቁት ወረቀት ነው። የቴሌብር ወይ የባንክ ማስተላለፊያውንና የተጻጻፋችሁትንም እንዳታጠፉ፣ የልጁን ጉዳይ አሁን በሱ ነው ይዘን የገባነው።

አሁን የከበደን ኦሪጅናሉን ማግኘት ነው፣ የባለ 20 ቫልቭ ከቨር እዚህ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት ዕቃ አይደለም፣ ሰውዬው ለዛ ነው ልዋጭ የሚጠይቀው፣ እሱን ለሌላ ሰው በጥሩ ዋጋ ይሸጠዋል። የልጁ ከቨር ብርማ ነው፣ የዘይት መክፈቻው አጠገብ በካቻቢቴ የተጫረ ረጅም መስመር አለው፣ ከሂርማታም ሆነ ከአጋሮ ወይ ከበደሌ በኩል እንዲህ ያለ ይዞ የመጣባችሁ ካለ ሳትገዙ ፎቶውን አንስታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።