ለደሴዋ ሳይኮሎጂስት ምስጋና፣ ማንበብ ለሚያታክታችሁ ጥቆማ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ፣ ትምህርታችሁን በጥሩ ውጤት ጨርሳችሁ፣ ደህና ሥራ ይዛችሁ፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ግን ዛሬም ላብ በላብ የምትሆኑ ካላችሁ ይቺ ጽሁፍ ለእናንተ ናት።

እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የተመረቅኩት በማዕረግ ነው። ፕላን ስጡኝ፣ እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ስጡኝ፣ ማታ ቤት ይዤው እገባለሁ። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ አንብብ ሲሉኝ «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» እላለሁ። መነጽር የለኝም።

ነገሩ የከፋው ማስተርስ ስጀምር ነው። የሚነበበው ብዙ፣ ፈተናው በሰዓት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ዲስሌክሲያ ይኖርብኝ ይሆን ብዬ ለመመርመር ተነሳሁ፤ ዲስሌክሲያ ማለት ጎበዝ ሰውንም ቢሆን ቃል ፈትቶ ማንበብና አስተካክሎ መጻፍ የሚያስቸግር ነገር ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙ ይቅር) የተቀበለኝ ሰው የትምህርት ውጤቴን አይቶ ሳቀ። «በዚህ ነጥብ ዲስሌክሲያ? ደክሞህ ነው፣ እረፍት ውሰድ» ብሎ ሸኘኝ። ይሄ አነጋገር ስንቱን ሰው አስቀርቶት ይሆን? ዲስሌክሲያ የስንፍና ወይም የአእምሮ ማነስ ጉዳይ እንዳልሆነ ከታወቀ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ሒሳብ ይችላል፣ ማንበብ ግን አቅቶታል። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ጎበዝ እሱ ይሆን ነበር አለ።

ደሴ ያሉትን ሳይኮሎጂስት የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

እትዬ አልሳቁም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጓደኞችህ በአንድ ማታ የሚያነቡትን አንተ በስንት ማታ ትጨርሰው ነበር?» ብለው ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት እንዳመጣሁ ነበር። ለማምጣት ምን እንደከፈልኩ የጠየቀኝ አልነበረም።

እንዳስረዱኝ ከሆነ ጎበዝ ተማሪ ችግሩን መሸፈን ይችልበታል። የለመደውን ቃል በመልኩ ይለየዋል፣ ያልለመደውን ከሐሳቡ ተነስቶ ይገምታል፣ ክፍል ውስጥ የሰማውን በጆሮው ይይዛል። ሰዓት የሌለው የንባብ ፈተና ብትሰጡት ያልፋል። የሚያጋልጠው ሰዓቱና ድካሙ ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ይህን ያውቃል። ችግሩ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ቢሆንም፣ ሥራው ከአቅም በላይ እስኪሆን ድረስ፣ ለምሳሌ በሰዓት የሚሰጥ ፈተና ወይም ለአጭር ቀነ ገደብ የሚደርስ ረጅም ሪፖርት እስኪመጣ ድረስ፣ በደንብ ላይታይ ይችላል ይላል። ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ በማስረጃ የተደገፈ የችግሩ ታሪክ ደረጃው በታወቀ የፈተና መለኪያ ፋንታ ሊያገለግል ይችላል።

ስለዚህ ከፈተናው በፊት ታሪኬን ቆፈሩ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬያለሁ። «ሀሁውን እንዴት ወጣኸው?» አሉኝ። ሀሁውን በዜማ በቃሌ እወርደው ነበር። አቡጊዳ ላይ ግን ተያዝኩ። አቡጊዳ ፊደሉን አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ሰያፍ ስለሚሄድ በዜማ የሸመደደ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። እትዬ ይህን ስነግራቸው ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። የድሮ ሰዎች የንባብ ምርመራ ያውቁ ነበር ማለት ነው!

እናቴንም በስልክ አነጋገሯት። እህቴ መጽሐፍ ጮክ ብላ ስታነብ እኔ አጠገቧ እንደምተኛ ነገረቻቸው። ቀጥላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አባቱስ ቢሆን ጋዜጣ የሚያስነብበው እኔን አልነበር?» አለች። ዲስሌክሲያ በዘር ይሄዳልና ይህም ተጻፈ።

አንድ ጥያቄያቸው አስደንግጦኛል። «ይሄ ነገር ከጦርነቱ በፊትም ነበር?» አሉኝ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ ሐሳቡ የሚበተንበት፣ አንድ መስመር ደጋግሞ የሚያነብ ብዙ ሰው አለ። የዚያ ሰው ችግር ሌላ ነው፣ የሚረዳውም በሌላ መንገድ ነው። የእኔ ከሀሁ ጀምሮ የነበረ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው የቀጠሉት። ከዚያም በፊት ዓይኔን እንድመረመር ልከውኛል። ዓይኔ ደህና ነው፣ መነጽሩ እንደገና ቀረ።

ፈተናው ራሱ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ያደክማል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የቋንቋ ማነስ ሊሆን ይችላላ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስነበቡኝ፤ «ዛፑሬ»፣ «ጉሚጨት» የመሳሰሉ። የማታውቁትን፣ ትርጉም የሌለውን ቃል መገመት አይቻልም፣ ፊደል በፊደል መፍታት ግድ ነው። እዚያ ላይ ጉድ ሆንኩ። «ሰባራ» ካልኩ በኋላ «ባ»ን አውጥቼ ምን እንደሚቀር ጠየቁኝ። «ቡና ጠጣ» የሚለውን የመጀመሪያ ድምፆች አለዋውጬ «ጡና በጣ» እንድል አደረጉኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን። ቁጥሮችን ሰምቶ ከኋላ ወደፊት መጥራት አለ፣ በረድፍ የተደረደሩ ሥዕሎችን ስም ቶሎ ቶሎ መጥራትም አለ። ከዚያ በሰዓት ንባብ፣ ከዚያ ያለ ሰዓት ንባብ፣ ከዚያ የቃል ጽሕፈት።

የቃል ጽሕፈቱን ሲያርሙ ያየሁት ነገር ሙያቸውን አሳየኝ። «ፀሐይ»ን በየትኛው «ጸ» ወይም በየትኛው «ሐ» እንደጻፍኩ ግድ አልሰጣቸውም። እሱን የማይሳሳት ሰው ጥቂት ነው። የቆጠሩት የዘለልኳቸውን ፊደላትና ካዕብና ሣልስ የተምታቱብኝን ቦታዎች ነው፤ «ሉ» የሚባለው ጋ «ሊ» መጻፌን። ከውጭ የመጣ ወረቀት ተርጉሞ የሚፈትን ሰው ይህን አይለይም።

ውጤቱን በግልጽ ነገሩኝ። የቃላት እውቀቴና የማመዛዘን ችሎታዬ ከፍተኛ ነው። ጊዜ ካገኘሁ የማነበውን በደንብ እረዳለሁ። የንባብ ፍጥነቴ፣ ትርጉም የሌለው ቃል መፍታቴና የፊደል አጻጻፌ ግን ከዚያ በጣም ወርዷል። ለአማርኛ ተናጋሪ አዋቂ የተዘጋጀ ደረጃው የታወቀ መለኪያ በእጃቸው እንደሌለም አልደበቁኝም። ለዚህ ነው ታሪኩን፣ የእናቴን ቃልና የፈተናዎቹን ውጤት አንድ ላይ አይተው የወሰኑት። ዲስሌክሲያ ነው አሉ። ዝም ስል ጊዜ «አብሽር ኢንጂነር፣ እስከዛሬ ከነሸክምህ ነው የሮጥከው» አሉኝ።

መድኃኒት የለውም፣ እሳቸውም አድናለሁ አላሉም። የጻፉልኝ ሪፖርት ግን ሥራ የሚሠራ ነው። በፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ለስብሰባ የሚቀርብ ጽሑፍ ከአንድ ቀን በፊት እንዲሰጠኝ፣ ረጅም የእንግሊዝኛ ሰነድ ስልኬ በድምፅ እንዲያነብልኝ ይመክራል። የስልኩን ወዲያው ጀምሬዋለሁ፣ የኮንትራት ሰነድ መኪና ውስጥ እየሰማሁ ሳይት እደርሳለሁ። አለቃዬ የስብሰባውን ጽሑፍ ቀድሞ መላክ ጀምሯል። የተጨማሪ ሰዓቱ ጉዳይ ገና መልስ አላገኘም።

ቅሬታም አለኝ፣ ሳልናገር አላልፍም። ሪፖርቱ ቆይቷል፣ ደጋግሜ መደወል ነበረብኝ። ቢሮው መንገድ ዳር ስለሆነ በሰዓት ሳነብ የባጃጅ ጡሩምባ አቋረጠኝ። እሳቸው ግን ያንን ውጤት ጥለው በሌላ ጽሑፍ እንደገና አስነበቡኝ። ክፍያውን አስቀድመው ይናገራሉ። አዲስ አበባ ለመመላለስና አልጋ ለመያዝ ከማወጣው ያነሰ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የመምህር አስተያየት ያለበት ደብተር፣ የተገኘውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ልጅነታችሁን የሚያውቅ ሰው ስልክም ያዙ። ጠዋት ይሻላል፣ ከሥራ በኋላ ደክሟችሁ ከገባችሁ ፈተናው ድካማችሁን ነው የሚለካው። ከኮምቦልቻ የምትወጡ ሐረጎ ላይ ጉም ሊይዛችሁ ስለሚችል ቀደም በሉ። ስልክ ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ በጽሑፍ ከምትልኩ ድምፅ ቅዱልኝ፣ ቶሎ እመልሳለሁ።