የሳንቲም ሰው የጻፈው የአክሱም ታሪክ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ስለ አክሱም አንድ ጠንከር ያለ መጽሐፍ ጠቁመን ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ካልከበዳችሁ የስቱዋርት መንሮ-ሄይን «አክሱም» ያዙ። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1991 ያሳተመው ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ)። አርጅቷል፣ አንዳንድ ቦታ ድርቅ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያናድዳችኋል። ቢሆንም ይገዛል።

ለምን እንደሚገዛ ለመረዳት ሰውዬውን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። መንሮ-ሄይ በ1947 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንስቲትዩት አክሱም ላይ ይቆፍር ነበር፣ መሪው ኔቪል ቺቲክ ይባላል፣ መንሮ-ሄይም ከቡድኑ ጋር ሠርቷል። ሐውልቶቹ ሥር የተደበቁትን መቃብሮች፣ የጡብ ቅስት ያለውን መቃብር ጨምሮ፣ ያገኙት እነሱ ናቸው። ከዚያ አብዮቱ መጣና ሥራው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቺቲክ ሪፖርቱን ሳያወጣ በ1984 ሞተ። የሟችን ማስታወሻ፣ ሥዕልና የሸክላ ስብርባሪ ዝርዝር ሰብስቦ በ1989 ለኅትመት ያበቃው መንሮ-ሄይ ነው። የሌላ ሰው ጅምር መጨረስ ምስጋና የሌለው ሥራ ነው፣ እሱ ባይሠራው ግን ያ ሁሉ ቁፋሮ ካርቶን ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር።

ዋናው ሙያው ግን ሳንቲም ነው። ዶክትሬቱን የሠራውም የአክሱምን ነገሥታት ቅደም ተከተል ከሳንቲምና ከቁፋሮ ማስረጃ በማስተካከል ላይ ነው። መጽሐፉን ሳነብ ይሄ ነገር ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል፤ ሌላው የታሪክ ጸሐፊ «ይባላል» ብሎ በሚያልፍበት ቦታ እሱ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ወርቅ አውጥቶ «ንጉሡ ይኸው፣ ስሙ ይኸው፣ ክብደቱ ይኸው» ይላችኋል።

ስለዚህ መጽሐፉን ስታገኙ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። የሳንቲሙን ምዕራፍ፣ ዘጠነኛውን፣ አስቀድሙ። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ወርቅ ማስቀረጽ ጀመረ፣ በዚያ ዘመን ይሄን የሚያደርጉ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላ መሃል ይቀረጻል። ከላይ ጨረቃና ክብ ነበረ፣ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ቦታውን መስቀል ወሰደው። ወርቁ ላይ የሚጻፈው በብዛት በግሪክኛ ነው፣ ለውጭ ንግድ ስለሚውል። የነሐሱ ደግሞ የአገር ቤት ገንዘብ ነው፣ አንዳንዱ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል መፈክር አለ። ፕሮፓጋንዳ ዛሬ የተጀመረ ይመስላችኋል? ብርና ነሐሱ ላይ ደግሞ ቁንጽል ቦታ መርጠው በወርቅ ይለብጡ ነበር፣ ለአንድ ተራ ሳንቲም ይሄን ያህል ልፋት!

የመን ውስጥ ኤደን አካባቢ አል-ማዳሪባ በሚባል ቦታ የተገኘውን የወርቅ ክምችትም ያጠናው እሱ ነው። ከሮማ ወርቅ ጋር ተደባልቀው ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተዋል። አክሱም ከባሕሩ ማዶ ምን ያህል እጇ እንደረዘመ ማንም ክርክር ሳይጨምርበት ያሳያል።

የሚያናድዳችሁ እዚህ ላይ ነው። እንደ ኢዮኤል፣ ሐታዝ፣ ገርሰም ያሉትን ነገሥታት የምናውቃቸው በሳንቲማቸው ነው፣ በብራና የወረስናቸው የነገሥታት ዝርዝሮች ደግሞ ከሳንቲሙ ጋር ብዙም አይገጥሙም። መንሮ-ሄይ ይሄን ሳያለሳልስ ይጽፈዋል። ስለ ንግሥተ ሳባም ሲያወራ ድምፁ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ሐሳቡን ብቀበለውም ትውፊቱ ለባለቤቶቹ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ቢጨምር ምን ነበረበት እላለሁ።

ስለ ውድቀቱ የሚለውም ብዙ ሰው የለመደው አይደለም። አክሱምን ያፈረሰችው ዮዲት ናት ብለን አድገናል አይደል? እሱ ግን ከተማዋ የመንግሥት መቀመጫነቷን ያጣችው በሰባተኛው መቶ ዘመን፣ ማለትም ከዮዲት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው ይላል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፦ የቀይ ባሕር ንግድ እጅ ቀየረ፣ ደኑ ለማገዶና ለግንባታ ተመነጠረ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ዝናቡም ከዳ። እኔን አሳምኖኛል።

ሌላው ጣፋጭ ክፍል ስለ ንግሥናው የሚያወራው ነው። ወደ 530 ገደማ ከቢዛንታይን የመጣ መልእክተኛ የአክሱምን ንጉሥ በአራት ዝሆኖች በሚጎተት ሠረገላ ላይ ሆኖ እንዳየው ተጽፏል፣ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የቁፋሮው ዝርዝር ነው። ለባለሙያ ካልሆነ ዝለሉት። ስልክ ላይ ማንበብም አይመከርም፣ ካርታና ሥዕሉ ከጠፋባችሁ የቦታ ስሞቹ ይደበላለቃሉ።

ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ሰውዬው ወደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አዘንብሎ ከእስክንድርያ ይላኩልን ስለነበሩ ጳጳሳት ጽፏል፣ ስለ ታቦተ ጽዮንም እንዲሁ። በ2004 ሲሞት 57 ዓመቱ ነበር። በ1993 እና በ1997 መካከል አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን አክሱም ላይ ያደረገው ቁፋሮ፣ ከ2011 ጀምሮ የሃ አጠገብ የተቆፈረችው ጥንታዊቷ የቤተ ሰማዕቲ ከተማም መጽሐፉ ውስጥ የሉም፣ ለነዚያ ሌላ ንባብ ያስፈልጋችኋል። ተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም አክሱምን ልትጎበኙ አስባችሁ አስጎብኚው የሚነግራችሁን መመዘን ከፈለጋችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ዘጠነኛውንና ስለ ውድቀቱ የሚያወራውን አሥራ አምስተኛውን ምዕራፍ ጨርሱ። ሌላውን ስትመለሱ ታነቡታላችሁ።