የሙዚቃ ሳጥን ድምፅ፦ የተዘጋጀ ናሙና ወይስ የራስ ቀረጻ?

ፍጥነትና አሠራር፦ ለዘፈንዎ የሙዚቃ ሳጥን ድምፅ ሲፈልጉ ሁለት መንገድ አለ። የተዘጋጀው ናሙና፣ ማለትም ሌላ ሰው ቀድሞ የቀረጸው የሳጥን ድምፅ፣ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ወዲያው ይሠራል፤ በፈለጉት ቅኝት ይጫወታል። ራስዎ የሚቀርጹት፣ ዜማው በወረቀት ላይ ተበስቶ በእጅ ሲዞር የብረት ጥርሶች የሚያሰሙት ሳጥን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለ 15 ኖታው ዓይነት እንደ ፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ያሉ ድምፆች የሉትም፤ አንዱን ኖታ በፍጥነት መደጋገምም አይችልም።

ወጥ ፈጠራ፦ እኔን የሚማርከኝ ይኸው ገደብ ነው። ዜማው በሳጥኑ ልክ ይወለዳል፤ የብረት ጥርሶቹ ንዝረትና የእጀታው ድምፅም አብረው ይቀረጻሉ። የአይስላንዷ ዘፋኝ ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው «ቬስፐርታይን» አልበሟ የሙዚቃ ሳጥኖች አሠርታለች። ናሙናውን ግን የገዛው ሁሉ ይጋራዋል።

መብት፦ ጥንታዊ ዜማ ነጻ ቢሆንም፣ የሌላ ሰው ቀረጻ ባለቤት አለው፤ የፈቃዱን ውል ያንብቡ።

ለአጣዳፊ ሥራ ወይም ከበስተጀርባ ለሚሰማ ድምፅ ናሙናው ይበቃል። ዘፈኑ በዚያ ድምፅ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሳጥኑን ይግዙ፣ ወረቀቱን ራስዎ ይብሱ።