ድሬዳዋ ላይ «ርካሽ ቦታ አለ» ለምትባሉ

ነፃ የንግድ ቀጠናው በ2014 ከተመረቀ ወዲህ የድሬ ደላላ ወሬው አንድ ነው፦ «አሁን ካልያዝክ አታገኘውም።» ከአዲስ አበባም ከውጭም ያለ ሰው ይህን ሰምቶ ብር ይልካል። አቦ፣ ቀስ በሉ!

ከሁሉ በፊት ደረቅ ወንዝ ዳር ከሚሸጥ ቦታ ተጠንቀቁ። ሜዳ ነው፣ ለመንገድ ይቀርባል፣ ዋጋውም ከአካባቢው ዝቅ ያለ ነው። በበጋ ብታዩት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ደቻቱ ግን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ይሞላል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ቁልቁል የሚወርደው ወደ እኛ ነው። በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ደላላው ይህን አያነሳም። እዚያው ሰፈር ሱቅ ግቡና «ያኔ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ደግሞ ብቻችሁን ሂዱ። ደላላ አጠገባችሁ ከቆመ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም።

ከከተማው ወጣ ሲል ያለው የገበሬ መሬትም ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ ወረቀትና በምስክሮች ፊርማ ይሸጣል፤ «ካርታው በቅርብ ይወጣል» ይባላል። መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ያንን ወረቀት ውልና ማስረጃ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያጸድቅላችሁ የለም። አንድ ዘመዴ ከዓረብ አገር ብር ልኮ የገዛው ቦታ ለሌላ ሰውም ተሽጦ ተገኘ። ሁለቱም ተመሳሳይ ወረቀት ይዘዋል።

ካርታ ያለው ቤት ይሻላል፤ ቢሆንም ዕዳና እገዳ ሳታጣሩ አትነካኩ። ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማም ያስፈልጋል።

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «ሌላ ገዢ መጥቷል» ሲባል ይደነግጥና ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጥቶ ሐሳቡን የቀየረ ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀብሎ የቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን የምትጠይቁት ግን መስጠታችሁን ማስረዳት ከቻላችሁ ነው። ስለዚህ በደላላ እጅ ጥሬ ብር አትስጡ። በባንክ፣ ካርታው ላይ ስሙ ላለው ሰው ብቻ አስገቡ። ውጭ ያላችሁም ውክልናውን ለደላላው ሳይሆን ለምታምኑት ዘመድ ስጡ።