ነጥቧን የምትከተለው ማሽን፦ ስለ ዓይን ክትትል ምርመራ

የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነኝ። ጭንቅላቴን ተመትቼ ሲቲ ስካን ስነሳ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። የሚገርም አይደለም፤ ሲቲ በዋናነት የሚፈልገው መድማትና ስብራት ነው። በመለስተኛ የጭንቅላት ጉዳት ብዙ ጊዜ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ኳሷ ግን እየተቆራረጠች ነበር የምትታየኝ። እዚህ ነበረች፣ ከዚያ እዚያ። መሃሉ የለም። ሐኪሜ የዓይን ክትትል ምርመራ አዘዘልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አገጭን ማስደገፊያው ላይ አድርጎ፣ ስክሪኑ ላይ በክብ የምትዞር ነጥብን በዓይን መከተል። የኢንፍራሬድ ካሜራ ዓይንን ይቀርጻል። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ አያምም።

ነጥቧ በክብ የምትዞረው አለምክንያት አይደለም። ዓይን ለአዲስ እንቅስቃሴ መልስ ለመስጠት 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንጎል ያየውን ብቻ ቢከተል ሁሌ ወደኋላ ይቀር ነበር። ስለዚህ ቀድሞ ይገምታል። የክብ መንገድ ደግሞ የሚገመት ነው፤ ጤነኛ ዓይን ከነጥቧ ጋር እኩል ይሄዳል። ይህን ሥራ የፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለም (እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው ትንሹ የኋላ አንጎል) እና የአንጎል ግንድ እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት። ምቱ የሚያገናኟቸውን ረጃጅም የነርቭ ክሮች ሲጎዳ ግምቱ ይዛባል። ያኔ ዓይን ወደኋላ ይቀርና ዘሎ ይደርሳል። የእኔ ግራፍ ላይ ክቡ ሕፃን የሳለው ይመስል ነበር። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ስናገረው የከረምኩት ነገር ወረቀት ላይ ታየ።

እስከዚህ ድረስ ማሽኑን አደንቃለሁ። አገልግሎቱን ግን አይደለም። ከመግባቴ በፊት እንቅልፍ መተኛቴን፣ መድኃኒት መውሰዴን የጠየቀኝ የለም። ድካም፣ መጠጥና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ግን ይህንኑ ክትትል ያበላሻሉ። ወረቀቱም «ከመደበኛው ውጪ» ብሎ በቀይ አስምሮ ዝም አለ። በቃ።

የረዳኝ ሐኪሜ ያለማሽን ያደረገችልኝ ምርመራ ነው። ቮምስ (VOMS፣ የዓይን እንቅስቃሴና የሚዛን ምርመራ) ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው። ጣቷን እንድከተል፣ ዓይኔን ከቦታ ቦታ እንዳዘል፣ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ አንድ ነገር ላይ እንዳተኩር አደረገችኝ። ከእያንዳንዱ በኋላ ራስ ምታቱን፣ ማዞሩን፣ ማቅለሽለሹንና የአእምሮ መደነዙን ከ0 እስከ 10 ስጥ ትላለች። ወደ አፍንጫዬ የምታስጠጋው ነገር ገና ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ርቆ ሳለ ሁለት ከሆነብኝ ችግር አለ ማለት ነው። ሆነብኝ። የዓይን ልምምዱን ያዘዘችልኝ ከዚህ ተነስታ ነው።

ማሽኑ ምልክቱ አልለቅ ላለው ሰው፣ ውጤቱን የሚያነብለት ሐኪም ካለ፣ ዋጋ አለው። «ወደ ጨዋታ ልመለስ?» ለሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም። ራስ ምታቱ እየባሰ ለሄደበት ወይም ደጋግሞ ለሚያስመልሰው ሰውማ ቦታው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሄዳችሁ መነጽራችሁን አትርሱ፣ የሚመልሳችሁም ሰው ይኑር። እኔ ከዚያ ስክሪን ላይ ስነሳ እንኳን መኪና ልነዳ፣ ደረጃውን የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነው።