ጋሼን አመስግኑልኝ፤ የሮቦት ቡድን ያላችሁም ጥሯቸው

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል። «እማዬ፣ ጻፍሽው?» የምትል ልጅ ባትኖረኝ አሁንም አልጽፈውም ነበር።

ልጄ በሃይስኩሏ የሮቦት ቡድን ውስጥ ናት። ፈርስት ሮቦቲክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ውድድር ነው። እኛ ቨርጂኒያ ስለሆንን የምንገጥመው ከሜሪላንድና ከዲሲ ቡድኖች ጋር፣ በቼሳፒክ ዲስትሪክት ነው። ልጆቹ ከጃንዋሪ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተው ሮቦት ይሠራሉ። አንዱ ጨዋታ የሚፈጀው ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ባለፈው ዓመት ሮቦታችን ሜዳ መሀል ቀጥ አለ። ሌላ ሮቦት ገጨት ሲያደርገው መብራቱ ጠፋ፣ በቃ። በማግስቱም ያው። ባትሪው ሲለካ 12.7 ቮልት ያሳያል። «ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ፕሮግራሙ ነው» ተባለ። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ከፈተናው ሁሉ ይልቅ ያን ቀን አለቀሰ።

ጋሼን የማውቃቸው በመኪናዬ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። እጃቸውን የፈቱት አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ ነው። ነገሩን ስነግራቸው «ሲመታ የሚጠፋ ነገር የፕሮግራም አይደለም፣ የማያያዣ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብለው መጡ። አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደው፤ ይህንንም ልንገራችሁ እንጂ።

ገና ከመግባታቸው አንዱ ልጅ ባትሪውን በገመዱ አንጠልጥሎ ሲያመጣ አዩ። ባትሪው 6 ኪሎ ገደማ ነው። «አስቀምጠው! ጀበና መሰለህ በጆሮው የምታነሳው?» ልጁ አሜሪካዊ ነው፣ ግን ገባው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ ቀለበትሽን አውልቂ» አሉኝ። የግራ እጃቸውን ጣት አሳዩን። ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ዙሪያውን ከቦታል። ወጣት ሳሉ የጭነት መኪና ባትሪ ሲፈቱ ቀለበታቸውና ቁልፉ ፖዘቲቩን ከሻንሲው ጋር አገናኙት። የኛም ባትሪ ትንሽ ቢመስልም ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዓትም አምባርም ጠረጴዛ ላይ ተከመረ።

ከዚያ የባትሪውን ጫፍ የሸፈነውን ጥቁር ፕላስተር ላጡት። ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረውን ዳዶ በሁለት ጣት ያዙና አዞሩት። ዞረ! ያለ ቁልፍ፣ በጣት። ሲፈቱት ደግሞ ሮንዴላው፣ ያቺ መሀሏ ቀዳዳ የሆነ ስስ ብረት፣ የገባው በባትሪው ጫፍና በካፖኮርዳው መካከል ነው። ካፖኮርዳ ማለት በገመዱ ጫፍ የሚጨመቀው ባለቀለበት መዳብ ነው። እሱ ከባትሪው ጫፍ ጋር ፊት ለፊት መሳም አለበት፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ከዳዶው በታች ነው ቦታው። ዳዶውም በንዝረት የማይፈታ፣ ውስጡ ናይለን ያለው ዓይነት ይሁን አሉ።

አሁን ልናዘዝ። ያን ባትሪ ከልጆቹ ጋር ያሰርኩትና ፕላስተሩን አሳምሬ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ያ ምስኪን ልጅ በእኔ ሮንዴላ ነው ያለቀሰው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

«ታዲያ 12.7 ቮልት ለምን አሳየ?» ብላ ልጄ ጠየቀች። ጋሼ ይህን ጥያቄ ወደዱት። ማያያዣው የላላ ባትሪም ሥራ ፈቶ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ሞተሮቹ ሲጎትቱ ነው የሚታየው። የቮልት መለኪያውን አንዱን ሽቦ የባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ጫፍ ላይ የታሰረው ካፖኮርዳ ላይ አድርጉና ሮቦቱን አሠሩት። ጥሩ ማያያዣ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። 100 አምፔር ሲያልፍ እዚያች ቦታ 1 ቮልት ከጠፋ፣ 100 ዋት ሙቀት ዳዶው ስር ተቀምጧል ማለት ነው። የሮቦቱ ዋና ማቋረጫ ደግሞ ባለ 120 አምፔር ነው፤ ስለዚህ 100 አምፔር ለዚህ ሮቦት ብርቅ አይደለም። ቮልቴጁ ወደ 6 ተኩል ገደማ ሲወርድ መቆጣጠሪያው ራሱን ለማዳን ሞተሮቹን ማቋረጥ ይጀምራል። ማያያዣው ጨርሶ ለቅጽበት ከለቀቀ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እንደኛው።

ሥራውን ራሳቸው ሠርተው አልሄዱም። እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንድ ካፖኮርዳ አስጨመቁት፣ ከዚያ «ጎትት!» በፒንሳ ተጨምቆ የነበረውን አንዱን አሮጌ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቀው አሳዩ። ውስጡ ሽቦው ላላ ብሎ ክፍተቱ በዓይን ይታያል። በትክክለኛው መጭመቂያ የተሠራው ግን አንድ ወጥ መዳብ ሆኗል። ባትሪውን ከሮቦቱ ጋር የሚያገናኘውን ቀዩን አንደርሰን ማገናኛም ጎተቱት፤ አንዱ ጫፍ ቦታው ገብቶ «ቀጭ» ሳይል የቀረ ነበርና ተመዞ እጃቸው ላይ ቀረ። ጫፎቹን ሲያስሩም አንዱን ሸፍነው ሳይጨርሱ ሌላውን እንዳይገልጡ አስለመዷቸው። ውድድር ላይ መርማሪዎቹ የተራቆተ ጫፍ ካዩ አያሳልፉም።

ዘንድሮ ሮቦታችን ብዙ ተሸንፏል። ሜዳ ላይ ግን አንዴም አልጠፋም። ከጨዋታ በፊት አሜሪካዊው ልጅ ባትሪውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይመጣና «ዳዶ?» ይላል። ልጄ ጎትታ ታይና «ዳዶ!» ትላለች።

ገንዘብ ስንሰጣቸው እምቢ አሉ። እንጀራና ዶሮ ወጥ ግን አልመለሱም። መኪናችሁም ሌሊቱን ባትሪ የሚጨርስባችሁ ከሆነ እሳቸው ጋ ውሰዱት፤ ዋጋቸው ደህና ነው፣ ያልተበላሸ ዕቃ አይቀይሩም። ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጻፉልኝ። እሑድ ቤተክርስቲያን ናቸው፣ አያነሱም። ከቀጠሯችኋቸው ደግሞ ቡናውን ቶሎ አታፍሉ።